ትምህርት 12፦ ለእንግዳ ተማሪ የሚነገርና የሚጻፍ አማርኛ

ሀ. ምንባብ

ፍኖተ ሰላም የሚለው የከተማ ስም ከግዕዝ የመጣ ነው፤ ፍችውም የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገድ ባለበት መጪና ሂያጅ አለ፤ መጪ ባለበትም አቀባበል ያስፈልጋል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር እንግዳ ሲገባ ተቀማጮቹ «ኖር!» እያሉ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ እንግዳውም «በእግዜር!» ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድግ ሲሉ ቢያይ፣ አክብሮት ይሁን ቁጣ ሊለየው አይችልም። እንግዲህ አቀባበል የሚሠምረው ንግግሩ ለእንግዳው ሲገባው ነው።

በ1950 ዓ.ም. አክራ ላይ በተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ፣ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ወጣቶች ነጻ የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከዚያም ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎች አገሮች ተማሪዎች ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መጡ። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ከግቢው ውጭ ግን የገበያውና የመንገዱ ቋንቋ አማርኛ ነበር። የኢትዮጵያ ተማሪዎችም ከእነዚህ እንግዶች ስለ አፍሪካ የነጻነት ትግል ብዙ ተማሩ። ስለዚህ እንግዳን መርዳት ተቀባዩንም ይጠቅማል።

እናንተም ነገ እንግዳ ትሆናላችሁ። ከቡሬ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በነቀምቴ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሚመደብ ተማሪ በገበያው የሚሰማው አፋን ኦሮሞ ነው። ያን ጊዜ ቀስ ብሎ የሚያስረዳውን ጓደኛ ይሻል። መጠየቅ ያልቻለ ተማሪ ከክፍል ቢቀመጥም ከትምህርቱ ውጭ ነውና።

ለ. ማብራሪያ

አማርኛ ለሚለምድ ሰው የሚከተሉት ያስቸግራሉ።

1. ትእዛዝ አንቀጽ በጾታ፣ በቁጥርና በአክብሮት ይለያያል፦ ግባ፣ ግቢ፣ ግቡ፣ ይግቡ። «መጣ» ደግሞ ከደንቡ ይወጣል፤ ትእዛዙ ና፣ ነይ፣ ኑ፣ ይምጡ ነው።

2. መጥበቅና መላላት በጽሕፈት አይታይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ግን ይገኛል ማለት ነው።

3. የሰዓት አቈጣጠራችን ልዩ ነው። «ትምህርት በ2 ሰዓት ይጀመራል» የተባለ የውጭ አገር ተማሪ፣ በራሱ አቈጣጠር ከሄደ የሚደርሰው ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ነው። ስለዚህ «ጠዋት በ2 ሰዓት፣ በእናንተ አቈጣጠር በ8 ሰዓት» ብላችሁ ንገሩት።

ከእንግዳ ጋር ስትነጋገሩ ቃላቱን ሳትቈራርጡ፣ ዐጭርና ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተናገሩ። ያልገባው ሰው መስማት የተሳነው አይደለምና አትጩኹበት። ቢሳሳትም አትሣቁበት፤ ትክክለኛውን አነጋገር በመልሳችሁ ውስጥ አሰሙት። ለምሳሌ «እኔ ገበያ ሄደ» ቢላችሁ፣ «ገበያ ሄድሁ ማለትህ ነው? ምን ገዛህ?» በሉት።

ሐ. መልመጃ

1. «ተቀመጠ»፣ «ጠጣ» እና «ጠየቀ» የሚሉትን ግሦች በ4ቱ የትእዛዝ መልኮች ጻፉ።

2. ሲጠብቅና ሲላላ ትርጕሙ የሚለወጥ አንድ ቃል ፈልጋችሁ፣ በሁለት ዐረፍተ ነገሮች አሳዩ።

3. አማርኛን ገና የሚለምድ የውጭ አገር ተማሪ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ቢመጣ፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ክፍሉ የሚመራው መመሪያ በሁለት አንቀጽ ጻፉ። ሰዓቱን በሁለቱም አቈጣጠር ግለጹ። ከጨረሳችሁ በኋላ ለጓደኛችሁ አንብቡለት፤ እርሱም የሰማውን ብቻ ተከትሎ የመንገዱን ንድፍ ይሣል። ንድፉ ከመንገዱ ጋር ካልተስማማ ጽሑፋችሁን አርሙ።