ከሰቃ ተነሥተው ጫሞ ላይ ጀልባ ከመሳፈርዎ በፊት

ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆና ተሽጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ልጆች «ጉማሬና አዞ አሳዩን» ማለት ይጀምራሉ። ጥያቄያቸው ደስ ይላል። መኪና ከመከራየትዎ በፊት ግን የሚከተሉትን ያጣሩ።

ማየት የሚፈልጉት ጉማሬ ብቻ ነው? እንግዲያው ሩቅ አይሂዱ። ከሰቃ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጅማ ይገባሉ፤ ከከተማዋ ዳር የቦዬ ረግረግ አለ። ጉማሬዎቹ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላሉ፣ ሲመሽ ሣር ሊግጡ ይወጣሉ። ስለዚህ ጠዋት ሄደው ከሩቅ ይመልከቱ፤ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ግን ዳር ዳሩን አይዙሩ። ቦዬ በእርሻ፣ በጡብ ሥራና በባሕር ዛፍ እየጠበበ ነው። ልጆቻችን ሳይጠፋ ቢያዩት እወዳለሁ።

ጀልባውን ነው የፈለጉት? ዳውሮ ውስጥ፣ የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በፈጠረው ሐይቅ ላይ ሃላላ ኬላ የሚባል ሪዞርት አለ። በጅማ መካከል የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ ወደ ግልገል ጊቤ፣ ከዚያም ወደ ጊቤና ኦሞ ወርዶ የሚገባው እዚያው ሐይቅ ነው። የራሳችን ውኃ ላይ እንደመቅዘፍ ነው። አዞን በብዛት ለማየት ከሆነ ግን እኔ አርባ ምንጭ ያለውን የጫሞ ሐይቅ እመርጣለሁ።

የጫሞ «የአንድ ቀን» ጉዞ በእውነቱ የሦስት ቀን ነው። መሄጃ፣ ሐይቁ ላይ መዋያና መመለሻ። ከጅማ በጭዳ፣ በዳውሮና በሶዶ በኩል ያለው መንገድ ገደልና ጠመዝማዛ ስላለበት፣ በዚያ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ስለ ወቅቱ ሁኔታ ሳይጠይቁ አይነሡ። ጥርና የካቲት ደረቅ ወራት ስለሆኑ ይመቻሉ፤ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢው ዝናብ ይበዛበታል።

ሰዓቱ ከምንም በላይ ወሳኝ ነው። አዞ ሌሊት የቀዘቀዘ ሰውነቱን ለማሞቅ ጠዋት ወደ ዳር ይወጣል፤ የቁልፎ ወንዝ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አካባቢ «የአዞ ገበያ» የሚባለው ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ጀልባዋን ይንጣል። ስለዚህ ማታውኑ አርባ ምንጭ ይደሩ። ሐይቁ በከፊል የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ አካል ስለሆነ፣ የፓርኩ መግቢያ ከጀልባው ኪራይ ጋር ተጠቃሎ ይሁን ወይም ለብቻ የሚከፈል፣ አስቀድመው ይጠይቁ።

ጀልባዋን ሲያዩ፣ ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው አለ? በልጅ ልክስ? ለአዋቂ የተሠራው ከሕፃን ላይ ሾልኮ ይወጣል። ከሌለ ልጁን ይዘው አይሳፈሩ፤ በዚህ ላይ ምንም ዓይነት ድርድር የለም። እጅ ውኃ ውስጥ አይነከርም፣ ዋናም አይሞከርም።

አካባቢው ቆላ ነው፤ ወባ አለበት። ከእኛ ወይና ደጋ አየር ለሚሄድ ሰው አጎበርና ረጅም እጅጌ ልብስ ያስፈልጋል።

ባለጀልባውንም ጉማሬ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁት። ጉማሬ አፉን ሲከፍት ማዛጋቱ አይደለም፣ ማስፈራራቱ ነው፤ ግልገል ያላት እናት ደግሞ ጀልባ ትገለብጣለች። ራቅ ብሎ ሞተሩን ዝግ የሚያደርገውና በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከል የማይገባው ሰው ሥራውን ያውቃል። «ፎቶ እንድታነሱ አጠገቡ አደርሳችኋለሁ» ካለዎት፣ ሌላ ባለጀልባ ይፈልጉ።