ጨው፣ ነርቭና የልብ ምት

«ልብን የሚያዘው ማነው?» ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን «ነርቭ ነዋ!» እንላለን። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። የነርቭ ትእዛዝ ልብ ላይ የሚሠራው በደም ውስጥ ባሉት ጨዎች አማካይነት ስለሆነ፣ የጨዎቹ መጠን ሲዛባ ትእዛዙም ይዛባል። ነገ በየገጠሩ ለምንሰማራ እጩ መምህራን ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ አይደለም፤ ሕፃን ለማዳንም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ታሪኩን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1882 እንግሊዛዊው ሐኪም ሲድኒ ሪንገር ከእንቁራሪት የወጣ ልብ ጨው በሟሟበት ውሃ ውስጥ ሲመታ ተመለከተ። በኋላ ጨዉን በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ሲያሟሟው ግን ልቡ ብዙም ሳይቆይ ቀጥ አለ። ምክንያቱ ምን ይሆን? የፊተኛው ውሃ የለንደን የቧንቧ ውሃ ስለነበረ ካልሲየም ነበረበት። ሪንገር ይህንን በ1883 አስታወቀ። ከዚህ የምንረዳው ልብ ሶድየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም በተመጣጠነ መጠን እንደሚያስፈልገው ነው።

በ1921 ደግሞ ኦቶ ሎዊ በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ ሁለት የእንቁራሪት ልቦችን አዘጋጀ። የአንደኛውን ቬገስ ነርቭ ሲቀሰቅስ የልቡ ምት ዘገየ። በዚያ ልብ ውስጥ የነበረውን ፈሳሽ ወስዶ ለሁለተኛው ቢሰጠው፣ እሱም ነርቩ ሳይነካ ዘገየ! ነርቩ ያመነጨው ኬሚካል አሴቲልኮሊን ነበር። ሎዊ በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ታዲያ ጨው እዚህ ምን አገባው? አሴቲልኮሊን ምት በሚያስጀምሩት የልብ ሕዋሳት ላይ የፖታሲየም በሮችን ይከፍታል። ፖታሲየም ወደ ውጭ ይወጣል፣ የሕዋሱ ውስጥ ይበልጥ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ቀጣዩ ምት ይዘገያል። ፖታሲየም በሕዋስ ውስጥ በሊትር ወደ 140 ሚሊሞል ሲሆን፣ በደም ውስጥ ግን ከ3.5 እስከ 5 ብቻ ነው። በደም ያለው እጅግ ቢበዛ ልብ ሊቆም ይችላል፤ ቢያንስም ምቱ ሥርዓት ያጣል።

ሶድየም ደግሞ በደም ውስጥ ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ሆኖ ውሃን ይይዛል። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ውሃ፣ ሶድየምና ፖታሲየም አብረው ይወጣሉ። ደሙ ሲያንስ በአንገትና በልብ አጠገብ ባሉት ትልልቅ ደም ቧንቧዎች ያሉት የግፊት ተቀባዮች ለአንጎል ግንድ ያስታውቃሉ። አንጎልም የቬገስን ልጓም ያላላል፣ ሲምፓቴቲክ ነርቮችን ያነሣሣል። ለዚህ ነው የሕፃኑ የልብ ትርታ ፈጣንና ደካማ የሚሆነው። «ትኩሳት ነው» ብለን ብቻ አንለፈው።

መድኃኒቱ ባዶ ውሃ ብቻ አይደለም፤ የወጣውን ጨው አይተካምና። ጨው ማብዛትም አደገኛ ነው፤ ውሃን ከሕዋሳት ስቦ ያወጣል፣ እስከ መንዘፍዘፍም ያደርሳል። የሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) ፓኬት ካለ በላዩ በተጻፈው የንጹሕ ውሃ መጠን መበጥበጥ ነው። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ያልተቆለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ስኳሩ ለጣዕም እንዳይመስለን፤ ሶድየም በአንጀት በኩል ወደ ደም የሚገባው ከግሉኮስ ጋር ሲጓዝ ይበልጥ ነው። ይህ የቤት ውስጥ ብጥብጥ ግን ፖታሲየም የለውም፤ ስለዚህ እያጠጣን ሕፃኑን ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ።

ለክፍል ሙከራ ምንም መሣሪያ አያስፈልገንም። ተማሪው ተጋድሞ የልብ ትርታውን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠር፤ ከዚያም ተነሥቶ እንደ ቆመ ይድገም። ሲቆም ቁጥሩ ይጨምራል፤ ደም ወደ እግር ሲወርድ ነርቭ ልብን ያፈጥናልና። የኬሚስትሪን ጨውና የባዮሎጂን ልብ በአንድ ሰሌዳ ላይ እናገናኛቸው። ተማሪው ይህን የሕይወት ትምህርት ለእናቱ ይዞላት ይገባል።