የሱቅዎን ፕሮግራም የሠሩት ልጆች ከትልቅ ኩባንያ ጋር ሲጣመሩ

ሐይቅ ከተማ ያለው የእህቴ ሱቅ ሽያጩም ዱቤውም የሚመዘገበው በኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሙን የሠሩላት ሁለት የደሴ ልጆች ናቸው፤ ሲበላሽ ትደውላለች፣ በማግስቱ መጥተው ያስተካክላሉ። አምና «ከትልቅ ኩባንያ ጋር አጋር ሆነናል» የሚል መልእክት ላኩላት። ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል፤ እሷ ግን ደነገጠች። «የሰው ዱቤ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው እኮ። ዋጋ ቢጨምሩስ? ቢዘጉትስ? መዝገቤን ሌላ ሰው ቢያየውስ?» አለችኝ። ሦስቱም የሚገባ ስጋት ነው። ያን ሰሞን የሠራነውን በቅደም ተከተል ልንገርዎ።

መጀመሪያ፣ ለማንም ሳይደውሉ መዝገብዎን ይገልብጡ። የዕቃውን ዝርዝር፣ የዱቤውን፣ የሽያጩን ታሪክ ወደ ኤክሴል አውጥተው ሁለት ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። የዱቤውን ዝርዝር በወረቀትም ያትሙት። ከዚያ ፋይሉን ያ ፕሮግራም በሌለበት ሌላ ኮምፒውተር ከፍተው በአማርኛ የተጻፉትን ስሞች ያንብቡ። ይህን አይዝለሉ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ ጽሑፍ የየራሳቸው ፎንት ባላቸው ፕሮግራሞች ይጻፍ ነበር። ዛሬ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ፋይሉ አለ፣ የሚያነበው የለም። የእርስዎም እንዲህ እንዳይሆን አሁኑኑ ይሞክሩት።

ቀጥሎ «አጋር» የተባለው ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቁ። ትልቁ ኩባንያ ፕሮግራሙን ሊሸጥላቸው ነው? ገንዘብ አስገብቶ ባለድርሻ ሆነ? ወይስ ጠቅልሎ ገዛቸው? ለምሳሌ ዳሸን ባንክና ሞኔታ ቴክኖሎጂስ በ2018 እ.ኤ.አ. አሞሌ የተባለውን የሞባይል ገንዘብ መተግበሪያ ሲጀምሩ ገንዘቡ የሚቀመጠው ባንኩ ዘንድ፣ ቴክኖሎጂው የሞኔታ ነበር። ኋላ ባንኩ ዳሸን ሱፐር አፕ የሚባል ሌላ መተግበሪያ አወጣ። ደንበኛ ስለ ገንዘቡ ማንን፣ ስለ መተግበሪያው ማንን እንደሚጠይቅ ለይቶ ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው። ስም አያታልልዎ፤ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ሴጅ የሚባል ኩባንያ ከገዛው ስንት ዘመኑ፣ የእኛ አገር ሒሳብ ሠራተኛ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚለው።

ሦስተኛው ሥራ ጥያቄዎን በጽሑፍ መላክ ነው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ዋጋው እስከ መቼ እንደማይለወጥ፣ አገልግሎቱ ቢቋረጥ ከስንት ወር በፊት እንደሚነግሩዎ፣ ችግር ሲፈጠር ደሴ ይደወል ወይስ አዲስ አበባ፣ ይጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን ይህን ይጠይቁ፦ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ትልልቅ ኩባንያዎች መዝገቡን ከሱቅዎ ኮምፒውተር አንሥተው ወደ ሩቅ ሰርቨር ማዛወር ይወዳሉ። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት መብራቱም ስልኩም ጠፍቶብን ነበር፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በሁለቱም ጊዜ የእህቴ ሱቅ ዱቤውን ያላጣው መዝገቡ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ስለነበረ ነው። «ያለ ኔትወርክ አይከፈትም» ካሉዎ አዲሱን የፕሮግራሙን ዝመና አይቀበሉ፤ አሮጌውን ይዘው ይቆዩ።

አዲስ ውል ካመጡልዎ ሳይቸኩሉ ያንብቡት። አንድ ቅጂ በአማርኛ፣ አንድ በእንግሊዝኛ ከሆነ ሁለቱን የሚያነብ ሰው ጎን ለጎን ያስተያይልዎ፤ ቢለያዩ የትኛው እንደሚጸናም ውሉ ላይ ይጻፍ። ይህን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኝቶ አገር ለአገር አዋግቷል።

አምስተኛው የደንበኞችዎ ጉዳይ ነው፤ እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። የዱቤ መዝገብ የሰው ስም፣ ስልክና ዕዳ የያዘ የአደራ ዕቃ ነው። ማን በየወሩ እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያዘገይ ከዚያ ይታያል። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. ያለ ማስያዣ ማበደር ሲጀምር ለማን እንደሚሰጥ የሚለካው በተጠቃሚው የግብይት ታሪክ ነበር። እንዲህ ያለ መረጃ ገንዘብ ያወጣል፤ ስለዚህ ፈላጊው ብዙ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። «የደንበኞቼ መረጃ ያለ እኔ የጽሑፍ ፈቃድ ለአጋር ድርጅት አይተላለፍም» የሚል ዐረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ እንዲገባ ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ምክንያታቸውን ያስጽፉ።

ከተስማሙም በኋላ ለሦስት ወር ያህል ዱቤውን በደብተርም ጎን ለጎን ይያዙ፤ በየሳምንቱ ድምሩን ያመሳክሩ።

የደሴዎቹ ልጆች በሳምንቱ መለሱ። ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ እንደማይቀር ጻፉ፤ የደንበኛ መረጃውን ዐረፍተ ነገር ግን ለማስገባት ሁለት ጊዜ መመላለስ አስፈልጎናል። እህቴ አሁንም ቅዳሜ ማታ ሱቋን ከመዝጋቷ በፊት የዱቤውን ዝርዝር አትማ ወደ ቤት ይዛ ትሄዳለች።