«እንዲህ አለ» ስንል፦ የእጩዎችን ቃል በትክክል ስለ ማድረስ



ስምንተኛውን ትእዛዝ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው በዳኛ ፊት ስለሚቆም ሐሰተኛ ምስክር ነው። በምርጫ ዘመን ግን ይህ ኃጢአት ሌላ መልክ ይይዛል። ሰው ጨርሶ ያልተናገረውን መፍጠር ሳያስፈልግ፥ የተናገረውን ጥቂት በማጣመም ብቻ በሐሰት ሊመሰከርበት ይችላል።

የዚህ ቀዳሚ ምሳሌ የሚገኘው በወንጌል ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ጌታችን ስለ ቤተ መቅደሱ ሲናገር ማፍረሱን የሰጠው ለአድማጮቹ ነበር። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ምስክሮች በሸንጎ ፊት ሲደግሙት ግን አፍራሹ ራሱ ሆኖ ቀረበ። ቤተ መቅደሱ፥ ማፍረሱ፥ ሦስቱ ቀን፥ ሁሉም በቦታቸው አሉ፤ የግሡ ባለቤት ግን ተለውጧል። ስለ ሰውነቱ መናገሩማ ጭራሽ አልተነሣም።

በዘመናችን ከዚህ ጋር እጅግ የሚመሳሰል ነገር በአሜሪካ ተፈጽሟል። በዚያ አገር እጩዎች ለአጠቃላዩ ምርጫ ከመቅረባቸው በፊት በየፓርቲያቸው ውስጥ እርስ በርስ የሚወዳደሩበት ቅድመ ምርጫ አለ። በኅዳር 1992 ዓ.ም. የዲሞክራቲክ ፓርቲን እጩነት ይሹ የነበሩት ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር በኒው ሃምፕሸር ግዛት፥ በኮንኮርድ ከተማ፥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ንግግር አደረጉ። ከብዙ ዓመታት በፊት በቴነሲ ግዛት ቱን ከምትባል ትንሽ ከተማ አንዲት ልጅ ስለ መርዛማ ቆሻሻ የጻፈችላቸውን ደብዳቤ አስታውሰው፥ በዚያ ምክንያት በምክር ቤት ምርመራ እንዲደረግ መጠየቃቸውን፥ ላቭ ካናል የተባለውንም የተበከለ ሥፍራ በዚያው ፍለጋ ማግኘታቸውን ገለጹ። ስለ ቱን ሲናገሩም «ሁሉን የጀመረው ያ ነው» አሉ። ኒው ዮርክ ታይምስና ዋሽንግተን ፖስት ግን «ሁሉን የጀመርሁት እኔ ነኝ» እንዳሉ አድርገው አተሙት። ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ የተነገረው የአንድ ሰው ትምክሕት ሆነ፤ ወሬውም በአገሩ ሁሉ ተዛመተ።

ስሕተቱን ተከታትለው ያጋለጡት በሥፍራው የነበሩት ተማሪዎች ናቸው። ንግግሩ በቪዲዮ ተቀድቶ ነበርና ማረሚያ እንዲወጣ ጠየቁ፤ ጋዜጦቹም አረሙ። ይሁን እንጂ ማረሚያው የወጣው ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በእርግጥ ላቭ ካናልን «አገኘሁት» ማለታቸው ራሱ ማጋነን ነበረበት፤ ሥፍራው አስቀድሞ በይፋ ይታወቅ ነበርና። ነገር ግን ሰው ባለው ይወቀስ እንጂ ባላለው አይወቀስም።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በንግግር ጊዜ ትእምርተ ጥቅስ አይታይም፤ ልማዳችንም የሌላውን ቃል በራሱ አንደበት ማቅረብ ነው። «እመጣለሁ አለ» እንላለን፤ «እንደሚመጣ ተናገረ» ማለት ለጽሕፈት የቀረበ ነው። ስለዚህ አድማጩ የተናጋሪውን ትክክለኛ ቃል የሰማ ይመስለዋል፤ ያቀረብንለት ግን እኛው ያሳጠርነው ሊሆን ይችላል። ደግሞም አንዲት «ቢ» ብትወድቅ ሐሳቡ ይገለበጣል። አንድ እጩ «መሬት ቢሸጥ ገበሬው ይፈናቀላል» ሲል ያስጠነቅቃል፤ «መሬት ይሸጣል አለ» ተብሎ ሲወራ ግን አስጠንቃቂው ሻጭ ሆኖ ይቀርባል። አርብ ገበያ ላይ ይህን የሰማ ሰው ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ ሲመለስ ይዞት የሚሄደው የኋለኛውን ነው፤ በየመንደሩም ማረሚያ ይዞ የሚከተለው የለም።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ መተላለፉ ሕዝቡ ቃሉን ከምንጩ እንዲሰማ አስችሎት ነበር። የተነገረ ቃል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍልም ከዚያ በኋላ አይተናል። ከቅንጅት መሪዎች አንዷ የነበሩት የቀድሞዋ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ከተፈቱ በኋላ፥ በ2001 ዓ.ም. በስዊድን ስለዚያው ይቅርታ በተናገሩት ሰበብ ዳግም ታሰሩ፤ የተፈቱት በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው። ይህ የጋዜጣ የጥቅስ ስሕተት ነው አንልም፤ ክርክሩ በእርሳቸውና በመንግሥት መካከል ነበር። ሆኖም ስለ ነገሩ «ቃሌ» የሚል ርእስ ሰጥተው በራሳቸው ብዕር መጻፍ አስፈልጓቸዋል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2477 ችኩል ፍርድን፥ ሐሜትንና ስም ማጥፋትን ለይቶ ያስቀምጣል። በቁጥር 2487 ደግሞ በእውነት ላይ የተፈጸመ በደል ይቅር ቢባልም እንኳ ካሳ እንደሚያስፈልገው ያስተምራል። የተጣመመውን ጥቅስ በጉባኤ የደገመ ሰው ለካህን በምስጢር መናዘዙ ብቻ አይበቃውም፤ በዚያው ጉባኤ ሊያርመው ይገባል።

ለመማማሪያ ይህን እንጠቁማለን። መምህሩ «ቢ» ያለባቸውን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ለአንድ ሰው በጆሮው ይንገረው፤ ያም ለሌላው እያስተላለፈ አምስተኛው ሰው የሰማውን ይጻፍ። የተጻፈው ከመነሻው ጋር ተነጻጽሮ የተለወጠው ግሥ ይሰመርበት። ከዚያም የዮሐንስ ምዕራፍ 2 ከቁጥር 19 እስከ 21፥ የማርቆስ ምዕራፍ 14 ቁጥር 58 እና 59 ጎን ለጎን ይነበቡ።