የዛሪማ ውኃ የማን ነው?
ስለ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ሕግ የተዘጋጀ ትምህርት



ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቍልቍለት የወረደ መንገደኛ ዓዲ አርቃይ ከመድረሱ በፊት ዛሪማን ያገኛል። በዚያ የሚወርደው ወንዝ የሰሜን ተራሮችን ውኃ ሰብስቦ ለተከዜ ያስረክባል። ተከዜም ሰቲት የሚለውን ስም ይዞ ወደ ሱዳን ይገባና ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል፤ አትባራም ከካርቱም በስተ ሰሜን ከዓባይ ጋር ተገናኝቶ ወደ ግብፅ ይጓዛል። እንግዲህ በክረምት በዛሪማ ድልድይ ሥር የሚያልፈውን ድፍርስ ውኃ ኢትዮጵያዊው፣ ሱዳናዊውና ግብፃዊው በየተራ «ውኃችን» ይሉታል።

ለመሆኑ ይህ ውኃ የማን ነው? የመነጨበት አገር ነውን? ወይስ አስቀድሞ የተጠቀመበት? ይህ ጥያቄ ዛሬ የዓለም አቀፍ ሕግ ሊቃውንትን እጅግ ከሚያከራክሩት አንዱ ስለሆነ፣ መሠረቱን በአጭሩ ለመመልከት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ባለቤቱ ያልተጠየቀበት ውል

ሚያዝያ 15 ቀን 1891 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣሊያ ሮማ ላይ አንድ ስምምነት ተፈራረሙ። ኢጣሊያ በዚህ ሰነድ፣ ወደ ዓባይ የሚፈሰውን ውኃ በሚታወቅ መጠን የሚለውጥ የመስኖ ሥራ በአትባራ ላይ እንደማትሠራ ቃል ገባች። የአትባራ ዋነኛው ገባር ተከዜ ነው፤ ከተከዜ ገባሮችም አንዱ ዛሪማ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። አንዱ እንግዳ የሌላውን ሰው ውኃ ለሌላ እንግዳ ቃል ገባለት።

በ1902 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ውል ደግሞ ዓባይን፣ ጣናንና ሶባትን የሚመለከት ነበር፤ ተከዜን በስም አልጠቀሰም። «የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ» የሚለው ሐሳብ ፈጽሞ መገደብን ብቻ ወይስ መጠቀምንም ይከለክላል በሚለው ላይ እስካሁን ክርክር አለ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅና ሱዳን አስዋን የሚደርሰውን 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ዓመታዊ ፍሰት ለሁለት ተካፈሉት፤ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ሲደርስ የቀረው 10 ለትነት ተተወ። ከዚህ ውኃ አብዛኛው የሚመነጭባት ኢትዮጵያ በስምምነቱ ውስጥ የለችበትም።

በዚህ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ውል ተዋዋዮቹን እንጂ ሦስተኛ ወገንን ያለፈቃዱ አያስገድድም። ይህን መርሕ አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ እኛኑ መልሶ ይጠይቀናልና።

2. ሁለቱ ጽንፎች

በ1895 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጀድሰን ሃርመን ስለ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ተጠይቀው፣ አንድ አገር በግዛቱ ውስጥ ባለው ውኃ ላይ እንደ ወደደ ሊያዝበት ይችላል የሚል አስተያየት ሰጡ። ሆኖም አሜሪካ ራሷ በ1906 ዓ.ም. ለሜክሲኮ ውኃ ለመስጠት ተዋዋለች። ሁለተኛው ጽንፍ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ወንዙ በተፈጥሮ እንደሚወርድ አንዳች ሳይነካበት ወደ ታችኛው አገር ይድረስ ይላል። የመጀመሪያው የታችኛውን ሰው ያስጠማል፤ ሁለተኛው የላይኛውን በወንዙ ዳር አስቀምጦ ያስርባል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ብሂላችን በዚህ በሁለተኛው ላይ የቀረበ አቤቱታ ሊባል ይችላል።

3. የሕጉ መካከለኛ መንገድ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ግንቦት 21 ቀን 1997 ዓ.ም. የድንበር ተሻጋሪ ወንዞችን ስምምነት በ103 ድምፅ ተቀበለ፤ ሦስት አገሮች ተቃወሙ፤ 27 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የሚያስደንቀው፣ ስለ ዓባይ የሚከራከሩት ኢትዮጵያና ግብፅ ሁለቱም ከተአቅቦ አድራጊዎቹ መካከል መገኘታቸው ነው። አንዷ ስምምነቱ ለታችኛው፣ ሌላዋ ለላይኛው ያደላል ብላ መስጋቷን ከዚህ መገመት ይቻላል። ስምምነቱ በ2014 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሏል።

ዐምዶቹ ሦስት ናቸው። አምስተኛው አንቀጽ እያንዳንዱ አገር ውኃውን በፍትሐዊና ምክንያታዊ መንገድ እንዲጠቀም ያዛል። ሰባተኛው በሌላው ላይ ጉልህ ጉዳት እንዳይደርስ ተገቢው ጥንቃቄ እንዲደረግ ያስገድዳል። ሌሎቹ ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማስታወቅንና መመካከርን ይጠይቃሉ። ፍትሐዊ የሚባለው ምን እንደሆነ ለመመዘን የመልክዐ ምድሩና የአየሩ ጠባይ፣ የሕዝቡ ችግርና ብዛት፣ ያለውና ወደፊት የሚኖረው አጠቃቀም፣ ሌላ አማራጭ መኖር አለመኖሩ በአንድነት ይታያሉ።

ይህ ለገበሬያችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። በባህላዊ መስኖ ከአንድ ቦይ የሚያጠጡ ሰዎች የውኃ አባት ይመርጣሉ፤ እርሱም ተራ ያወጣል። የቦዩ ራስ በማሳው የሚያልፍለት ሰው ውኃውን አልፈጠረውም፤ በቦዩ ጅራት ያለውም አስቀድሞ ስላጠጣ ብቻ የዘለዓለም ባለመብት አይሆንም።

4. ሊቃውንቱ የሚከራከሩበት

ክርክሩ የሚነሣው አምስተኛውና ሰባተኛው አንቀጽ ሲጋጩ ነው። የላይኛው አገር ድርሻውን ሲወስድ የታችኛው ጉዳት ከደረሰበት የትኛው ይበልጣል? የታችኞቹ አገሮች ጉዳት አለማድረስን ያስቀድማሉ። ከሊቃውንቱ ብዙዎቹ ግን ጉዳቱ ራሱ በፍትሐዊነት ሚዛን መታየት አለበት ይላሉ።

ሱዳናዊው የውኃ ሕግ ሊቅ ሳልማን ሳልማን በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ለክርክሩ አዲስ መልክ ሰጥተውታል። በእርሳቸው አስተያየት ጉዳት ወደ ታች ብቻ የሚፈስ አይደለም፤ የታችኛው አገር አስቀድሞ ውኃውን በሙሉ በሥራ ላይ አውሎ «ነባር መብቴ ነው» ሲል፣ የላይኛውን የነገ ዕድል ይዘጋበታል። ውኃ ሽቅብ ባይፈስም ጉዳት ግን ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ይህን የጻፉት የታችኛው አገር ተወላጅ መሆናቸው ለሐሳቡ ክብደት ይጨምርለታል።

በናይል ትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ላይም የተነሣው ጠብ ይኸው ነበር። አብዛኞቹ አገሮች የሌላውን የውኃ ዋስትና «በጉልህ ላለመጉዳት» ሲስማሙ፣ ግብፅና ሱዳን «ነባር አጠቃቀምና መብት» የሚል ቃል እንዲገባ ጠየቁ። ስምምነቱ ያለ እነርሱ ጥቅምት 13 ቀን 2024 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። እዚህ ላይ ያ ከላይ ያልነው መርሕ ይመለሳል፤ የ1959ኙ ውል ኢትዮጵያን እንደማያስራት ሁሉ፣ ይህም ያልፈረሙትን ግብፅንና ሱዳንን አያስራቸውም። ለራሳችን የጠራነውን ሕግ ለባላጋራችን ልንነፍገው አንችልም።

5. ዳኛው ማን ነው?

የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ለመዳኘት የፈቀዱትን ብቻ ነው። ቢሆንም ፍርዶቹ መንገድ ያሳያሉ። በ1997 ዓ.ም. ስለ ዳኑብ ወንዝ በሰጠው ፍርድ፣ ሃንጋሪ በውሉ የገባችበትን ሥራ በማቋረጧ፣ ቼኮዝሎቫኪያ ደግሞ ወንዙን በብቸኝነት በመጥለፏ ሁለቱንም ጥፋተኞች አላቸው። በ2010 ዓ.ም. አርጀንቲና ኡራጓይን በከሰሰችበት ጉዳይ፣ ኡራጓይ ወንዙን ለመበከሏ ማስረጃ ባይገኝም አስቀድማ ባለማሳወቋ ግዴታዋን እንደጣሰች ወሰነ። ከዚህ የምንማረው፣ ሰው ድርሻው የሆነውን ሲወስድ እንኳ ጎረቤቱን ሳይነግር ከወሰደ ሊያጠፋ እንደሚችል ነው።

ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ በ2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የፈረሙት የመርሖዎች መግለጫ ሁለቱንም መርሖች አጣምሮ ይዟል። ይሁንና መስከረም 9 ቀን 2025 ዓ.ም. ታላቁ የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ ሦስቱ አገሮች በድርቅ ዘመን ውኃው እንዴት እንደሚለቀቅ የሚያስገድድ ውል ገና አልፈረሙም ነበር። ግድቡ ተሠርቷል፤ የጎረቤት ቃል ግን ገና ይቀር ነበር።

6. የእኛስ ድርሻ?

አትባራ ላይ በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀ ኻሽም ኤል ጊርባ የሚባል የሱዳን ግድብ አለ። ያጠጣ ዘንድ የተሠራው የአስዋን ግድብ ሐይቅ ከቀያቸው ያፈናቀላቸውን የዋዲ ሐልፋ ሰዎች እርሻ ነው። ይህ ግድብ ከኢትዮጵያ ተራሮች በሚወርደው ደለል ውኃ የመያዝ አቅሙን እጅግ አጥቷል። ደለሉ የእኛ ገበሬ አፈር ነው፤ ከሰሜን ተራሮች ቍልቍለት የተጠረገው ማሳ እዚያ ተቀብሯል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ እርከን የሚሠራና ችግኝ የሚተክል ሰው ለልጁ አፈር ያስቀርለታል፤ ለማያውቀውም ገበሬ ውኃ ይጠብቅለታል። አንድ ሥራ ሁለት ፍትሕ ይሆናል።

ወደ መነሻችን እንመለስ። የዛሪማ ውኃ የማን ነው? ሕጉ የሚመልሰው፣ ለማንም በብቸኝነት አይደለም፤ ሁሉም ግን ድርሻ አለው ብሎ ነው። ድርሻውን የሚነፍገን ቢኖር በሕግ ልንሟገተው ይገባል። የምንሟገትበት ሕግ ግን እኛንም እንደሚመለከተን አንርሳ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በአካባቢያችን የቦይ ውኃ ሲያጣላ ሽማግሌዎች የሚፈርዱት በምን ሚዛን ነው? ከአምስተኛውና ከሰባተኛው አንቀጽ ጋር አነጻጽሩት።
ለ. «ቀድሜ የተጠቀምኩበት የእኔ ነው» የሚለው ክርክር መቼ ይሠራል? መቼስ በደል ይሆናል?
ሐ. ያልፈረምነው ውል አያስረንም ካልን፣ ካልፈረመው ጎረቤት ጋር በምን መንገድ መኖር አለብን?