ኮረንቲን በእጅ ሳንነካ እንዴት እናውቀዋለን?

ኮረንቲ በዓይን አይታይም። ሽታም የለውም። ስለዚህ አንዳንድ ሰው በሽቦ ውስጥ ኮረንቲ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ሽቦውን በጣቱ ይነካል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ወደ ቤት የሚገባው መስመር 220 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። የማይታየውን ነገር በሥራው እንወቀው እንጂ በእጃችን አንፈትነው።

ከኮረንቲ ሥራዎች አንዱ ማግኔት መፍጠር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820 ኧርስቴድ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ኮረንቲ የሚያልፍበትን ሽቦ ወደ ኮምፓስ ቢያስጠጋው መርፌው ዞረ። ሽቦው በሚስማር ላይ ብዙ ጊዜ ሲጠመጠም ኃይሉ ይበረታል፤ ሚስማሩም ብረት ይስባል። ኮረንቲው ሲቋረጥ ይለቃል። በዚህ ዘዴ በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ እንሥራ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

3 ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ፣ 1 የእጅ ባትሪ አምፑል፣ 1 ወፍራም ሚስማር፣ ሞተር ከሚጠመጥም ባለሙያ የሚገኝ 4 ሜትር ያህል ቀለም የተቀባ የመዳብ ሽቦ፣ ቁርጥራጭ ሽቦ፣ ማግኔት የሚስበው የጣሳ ቆርቆሮ፣ ጣውላ።

አሠራር

1. ሚስማሩን በእሳት አግሉትና በአመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይብረድ። እንዲህ ሲሆን ኮረንቲው እንደተቋረጠ ማግኔትነቱን ቶሎ ይለቃል። ከዚያ በአሸዋ አጥሩት።

2. ሚስማሩን በጣውላው ላይ አቁማችሁ ምቱት። የመዳቡን ሽቦ በአንድ አቅጣጫ 150 ጊዜ ጠምጥሙበት። የሚስማሩ ራስና እግር ባዶ ይሁኑ። የሽቦውን ሁለት ጫፎች በቢላዋ ፋቁ፤ ቀለሙ ካልተፋቀ ኮረንቲ አያልፍም።

3. ከቆርቆሮው የአንድ ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ቁረጡና ጫፎቹን ፋቁ። አንዱን ጫፍ በትንሽ እንጨት ላይ ምቱት። ሌላው ጫፍ ከሚስማሩ ራስ በላይ የሳንቲም ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ ይቁም።

4. ሁለቱን ድንጋዮችና አምፑሉን አቀጣጥላችሁ አንዱን ሽቦ ከቆርቆሮው፣ ሌላውን ከሚስማሩ እግር ጋር እሰሩ። ቆርቆሮው ሚስማሩን ስላልነካ አምፑሉ አይበራም።

5. አሁን የጥምጥሙን ሁለት ጫፎች በሦስተኛው ድንጋይ ሁለት ጫፎች ላይ አስነኩ። ሚስማሩ ቆርቆሮውን ቀጭ አድርጎ ይስበዋል። አምፑሉም ይበራል። ሽቦው እንዳይግልና ድንጋዩ እንዳያልቅ ቶሎ አላቁት።

ከዚህ ምን እንረዳለን?

አምፑሉ ሲበራ በጥምጥሙ ውስጥ ኮረንቲ እያለፈ መሆኑን ይመሰክራል። የጥምጥሙ ኮረንቲና የአምፑሉ ኮረንቲ ግን አልተገናኙም፤ መንገዳቸው ለየብቻ ነው። መኪናም የሚነሳው በዚሁ ዘዴ ነው። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ትንሽ ኮረንቲ ማግኔቱን ያሠራል፤ ማግኔቱም ለሞተሪኖው ብዙ ኮረንቲ ይከፍትለታል።

ተጠንቀቁ!

ይህን ሥራ በባትሪ ድንጋይ ብቻ ሥሩ። ከቤት መስመር ጋር ከቶ አታገናኙ።

ደግሞም አንድ ነገር አትርሱ። ይህ ዕቃ የሚያሳየው የሚሄደውን ኮረንቲ ብቻ ነው። የመስኖ ቦይ ሲዘጋ ውሃው ባይፈስም ከኋላ ተጠራቅሞ ይጠብቃል። መብራት ስናጠፋም እንደዚሁ ነው። ኮረንቲው ባይሄድም ኃይሉ በመስመሩ ላይ ይጠብቃል፤ የነካውን ሰው መንገድ አድርጎ ያልፋል። ስለዚህ መብራቱ ጠፍቷል ብላችሁ የተላጠ ሽቦ አትንኩ። የወደቀ መስመር ብታዩ ሰውና ከብት አርቁ፤ ለመብራት ኃይል ሠራተኞች አስታውቁ።

ጥያቄዎች

1. ሚስማሩ ቆርቆሮውን የሚስበው መቼ ነው?
2. የሽቦው ጫፍ ለምን ይፋቃል?
3. መብራት ጠፍቶ ሳለ ሽቦ መንካት ለምን አደገኛ ይሆናል? ለቤተሰባችሁ አስረዱ።