አሥር ላይ አርፎ መደመርና መቀነስ

የአንደኛ ክፍል ተማሪ 8 ሲደመር 5 ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ስምንት ጣቶቹን ይዘረጋል፤ አምስት ሊጨምር ሲል ጣት ያልቅበታል። በጣት መቁጠርን መከልከል አያስፈልግም። ቀስ በቀስ መቅረት ያለበት ሁሉንም ከአንድ ጀምሮ የመቁጠር ልማድ ነው።

መጀመሪያ ልጁ ከትልቁ ቁጥር መነሳትን ይለማመዳል። ለ2 + 7 ሰባትን በልቡ ይዞ «ስምንት፣ ዘጠኝ» ይላል። እዚህ ላይ ብዙዎች ሰባትን ራሱን ደግመው «ሰባት፣ ስምንት» ይሉና 8 ብለው ይመልሳሉ። ሰባት ቆርኪ በአንድ እጅ ሸፍኖ በሌላው አንድ አንድ እየጨመሩ ማስቆጠር ይህን ያርማል።

ቀጥሎ አሥር የሚሞሉ ጥንዶች ይጠናሉ፦ 9 እና 1፣ 8 እና 2፣ 7 እና 3፣ 6 እና 4፣ 5 እና 5። ከአሥር ቆርኪ የተወሰነው ኩባያ ሥር ይደበቃል፤ ልጁ ስድስት ከታየው «አራት ተደብቋል» ማለት አለበት። ሳይቆጥር ወዲያው እስኪመልስ ድረስ ጨዋታው በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይደጋገማል። ይህ ሳይጸና ወደፊት መሄድ ትርፉ ድካም ነው።

አሁን 8 + 5 ይመጣል። ወረቀት ላይ አምስት አምስት ሳጥን ያላቸው ሁለት ረድፎች ይሠመራሉ። ስምንት ቆርኪ ሲደረደር ሁለት ሳጥን ባዶ ይቀራል። ከአምስቱ ሁለት ተወስዶ ይሞላበታል፤ ሦስት ውጭ ይተርፋል። አሥርና ሦስት፣ 13። በ9 + 6 እና በ7 + 5 ከተደገመ በኋላ ቆርኪው ይነሳና 8 + 2 + 3 ተብሎ ይጻፋል።

መቀነስም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ለ13 − 8 በቅድሚያ 3 ተቀንሶ አሥር ላይ ይደረሳል፤ ከዚያ ቀሪው 5 ሲቀነስ 5 ይሆናል። ወይም 8 ከአሥሩ ተነሥቶ የተረፈው 2 ከ3 ጋር ይደመራል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማስተማር ግን ልጁን ያደናግራል።

ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ ወደ ላይ መቁጠር ይቀላል፦ ለ52 − 48፣ ከ48 እስከ 50 ሁለት፣ እስከ 52 ሌላ ሁለት፣ በድምሩ 4። ሱቅ ውስጥ የ65 ብር ዕቃ ገዝቶ 100 ብር ለሰጠ ሰው መልስ የሚቆጠረውም እንዲሁ ነው፦ 5 ሲጨመር 70፣ 30 ሲጨመር 100፤ መልሱ 35 ብር።

ቁልቁል መደመር መጨረሻ ይምጣ። 38 + 27 አስቀድሞ 40 + 25 ሆኖ በቃል ይሠራል፤ 65። በጽሑፍ ሲሠራ ከ8 እና 7 ድምር 5 ተጽፎ 1 በእጅ ይያዛል። በእጅ የተያዘው ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ልጁ «አሥር» ካለ ወደ መቶ ቤት መሻገር ይችላል፤ «አንድ» ካለ ቆርኪዎቹ እንደገና ይውጡ።